ሟቾች የሠሩት ድልድይ

በእኛ አገር ሁለት የፖለቲካ ማኅበራት አሉ፤ የእንደምን አደራችሁ ማኅበርና የእንደምን አመሻችሁ ማኅበር። የመጀመሪያው ደጉ ዘመን ገና ሊመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው ደጉ ዘመን አልፏል ይላል። ስለ ዛሬ የሚናገር ማኅበር የለም። እኔ የእንደምን አደራችሁ ነኝ። እምነት ገፋፍቶኝ አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ሳምንት ሥራ የሰጡኝ እነሱ ስለሆኑ ነው።

በምክር ቤታችን አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን በዚያ ወረዳ ማሟያ ምርጫ ይደረጋል። ወንበር ባዶ የሚሆነው ደግሞ ተቀማጩ ሲሞት ነው። ሌላ መንገድ ይኑር አይኑር ሕጉ አይናገርም፤ የጠየቀም ሰው አልነበረም። የሸለቆው ወረዳ እንደራሴ ስለ መንገድ ጠረጋ ክርክር ሲደረግ ሦስት ጊዜ አስነጥሰው በሦስተኛው ሞቱ። በማግስቱ ሊቀመንበራችን አስጠሩኝ።

"ያ ሸለቆ በአሥር ዓመት ውስጥ አራት እንደራሴ ቀብሯል፤ አራቱም የእንደምን አመሻችሁ ሰዎች ናቸው" አሉኝ። "ምክንያቱን እወቂና ወንበሩን ይዘሽልኝ ነይ።"

"ለምን እንደሚሞቱ ነው የማጣራው ወይስ ለምን እንደሚያሸንፉ?"

"ለምን እንደሚያሸንፉ። መሞቱ የግል ጉዳያቸው ነው።"

የእኛ ዕጩ ናደው ይባላል። ወጣት ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፣ ጥርሱ አልጎደለም፣ ዳገት ወጥቶ አያለከልክም። ማኅበሩ ክብራችንን ለመጠበቅ መኪና ሰጥቶን ነበር፤ ከዋናው መንገድ ስንወጣ ግን መንገዱ አለቀና መኪናዋን ሁለት በሬዎች እየጎተቷት ሸለቆው ገባን። ናደው ለበሬዎቹ አዝኖ ወርዶ ከኋላ ገፋ።

ሸለቆውን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወዲህኛው ዳር ተነስቶ ወደ ማዶ የሚሄድ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ግን ማዶ አይደርስም። አራት ቅስት ከተራመደ በኋላ መሐል ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ገመድና በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ቅርጫት ነው። ሰውም ፍየልም በተራ በቅርጫቱ ይሻገራሉ።

ናደው አደባባይ እንደደረሰ መንገድ የዘጋ አንድ ትልቅ ድንጋይ አየና አንስቶ ወደ ዳር ወረወረው። በሌላ ወረዳ ቢሆን ይህ ብቻ ምርጫ ያሸንፍ ነበር። እዚህ ግን ሕዝቡ የናደውን ትከሻ እያየ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ከኋላ ሆና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚናገር ሰው፣ "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ጤነኛ ሆንክ?" አለችው።

"ተመስገን ነው" አለ ናደው።

የሸለቆው ሽማግሌ አቶ ልመንህ ወደ ፊት ቀረቡ። አጭር፣ ባርኔጣቸውን ሲያስቡ የሚያወልቁ ሰው ናቸው።

"አባትህ በሕይወት አሉ?"

"አሉ፤ ዘጠና አልፏቸዋል።"

ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ።

"እናትህስ?"

"ውኃ የሚቀዱት እሳቸው ናቸው።"

አቶ ልመንህ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሕዝቡም ተከተላቸው።

ማታ ናደው ራት እየበላ፣ "ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልብ ብለሻል?" አለኝ። "እዚህ አገር ለጎረቤቱም፣ ለልጁም፣ ለላሙም ሳይቀር ዕድሜ ይስጥህ ይባላል። እኔ ግን በሬ አስነስቼ፣ ድንጋይ ተሸክሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ያልፋሉ። ዕድሜ የሚመኝልኝ ጠፋ።"

"ለላም ማን ይላል?"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

በሳምንቱ የእንደምን አመሻችሁ ዕጩ መጡ። አቶ ደባልቄ ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የመጡት አራት ሰው በተሸከመው ቃሬዛ ላይ ተኝተው ነው። ንግግር ለማድረግ ቀና አሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳል ያዛቸውና ሳሉ ሳይለቃቸው መልሰው አስተኟቸው። የሰማነው ንግግር ይኸው ነው። አቶ ልመንህ ከቃሬዛው አጠገብ ተንበርክከው ጠየቁ።

"ልብዎ እንዴት ነው?"

"አንዳንዴ ትቆማለች" አሉ አቶ ደባልቄ።

"ትቆማለች" ብለው አቶ ልመንህ ለሕዝቡ አስተላለፉ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ያረፍኩት እትዬ ወርቅያንጥፉ ከምትባል ሴት ቤት ነበር። በዚህ ወረዳ ድምፅ የሚሰጠው በሽንብራ ነው፤ መራጩ አንዲት ሽንብራ ከሁለት እንስራዎች ወደ አንዱ ይጥላል፤ የተሸነፈው ወገን የተቆጠረውን ሽንብራ ሁሉ ቀቅሎ ሕዝቡን ንፍሮ ያበላል። እትዬ ወርቅያንጥፉ የምርጫውን ሽንብራ የምትለቅመው እሷ ናት፤ የተነቀዘ ወይም የተሰነጠቀ ሽንብራ ድምፅ አይሆንም። ያን ቀን ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትለቅም አገኘኋትና ትዕግሥቴ አለቀ።

"እትዬ፣ ይህ ሕዝብ በሽታ ያመልካል?"

"አንቺ የተማርሽ አይደለሽም? ድልድዩን አላየሽውም?"

"አይቼዋለሁ። አላለቀም።"

"እንዴት እዚህ እንደደረሰ ግን አላየሽም" አለችና የተነቀዘች ሽንብራ አውጥታ ለዶሮ ጣለች። "ድሮ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሸለቆው ጤነኛ ሰው መርጦ ላከ። ልክ እንደ ናደው ያለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ጠጠር አልጣለልንም። የሞተ ጊዜ ግን ሁለቱም ማኅበሮች እየተጋፉ መጡ፤ መሐንዲስ መጣ፣ ግንበኛ መጣ፣ ድንጋይ መጣ። ምርጫው እስኪደርስ አንድ ቅስት ቆመ። በምርጫው ማግስት ጭቃው ገንዳው ውስጥ እርጥብ እንደሆነ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሳናውቅ አስም ያለበት ሰው መርጠን ኖሯል። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። መሐንዲሱ ተመልሶ መጣ፣ ሁለተኛው ቅስት ቆመ። ያን ጊዜ ገባን።" በጣቷ በመስኮቱ ወደ ወንዙ አመለከተች። "ያ የአስሙ ነው። ያኛው የልቡ። ያ ጠመም ያለው የኩላሊቱ፤ መሐንዲሱም ያን ጊዜ አሞት ነበር። አሁን የሚሠሩት የማስነጠሱ ይባላል። ከእሱ በኋላ አንድ ቅስት ብቻ ይቀራል።"

"አንድ ምርጫ፣ አንድ ቅስት።"

"አንድ ቀብር፣ አንድ ቅስት" ብላ አረመችኝ።

ለምን እንደቸኮለችም ነገረችኝ። ልጇ ማንጠግቦሽ ማዶ ተድራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ የምትወልደው ክረምት ሲገባ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ እንዳይወስደው ገመዱ ይፈታል፤ እስከ መስከረም ማዶ የሚሻገር የለም። በዚህ አገር ደንብ የበኩር ልጅ ሲወለድ የሴቲቱ እናት ከራስጌ ትቀመጣለች።

"እኔ እሷን ስወልድ እናቴ ማዶ ዳር ቆማ ትጣራ ነበር" አለች። "ወንዙ ስለሚጮህ የምትለው አልተሰማኝም። በኋላ ብጠይቃት እሷም ረስታዋለች።"

"ስለዚህ አሁን አቶ ደባልቄን መርጣችሁ፣ እሳቸው ከክረምት በፊት…"

"እግዜር ከፈቀደ።"

"እትዬ፣ ይህ ኃጢአት አይደለም?"

"ምን አደረግናቸው? አንገድላቸውም እኮ። እንመርጣቸዋለን እንጂ።"

ዩኒቨርሲቲ ስለ ምርጫ ሦስት ዓመት ተምሬያለሁ። እንዲህ ያለ ጥራት ያለው የመራጭ ሐሳብ የትም አላነበብኩም። ችግሩ ያለው በሌላ በኩል ነበር።

በሸለቆው ደንብ ዕጩ በየተራ ከቤት ቤት እየተዘዋወረ ያድራል፤ እንግዳ ደግሞ ከገባበት ቀጥኖ ከወጣ የዚያ ቤት ስም ለሰባት ትውልድ በክፉ ይነሳል። አቶ ደባልቄ የኖሩት በከተማ ነው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ በሻይና በደረቅ ብስኩት ነው የሚያድሩት። እዚህ ጠዋት ትኩስ ወተት ሰጧቸው። ቀን በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ሰጧቸው። ማታ የዶሮ ሾርባ፣ በላዩ ማር። በሁለተኛው ሳምንት ከቃሬዛው ወረዱ። በሦስተኛው በምርኩዝ ዳገት ወጡ። ከዚያ ምርኩዙን አንድ ቤት ረስተውት መጡ፤ ሲመለስላቸውም አልፈለጉትም።

ሕዝቡ ተጨነቀ። አቶ ልመንህ ሽማግሌዎቹን ወፍጮ ቤት ሰበሰቡ፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ እህል እንጂ ሰው የማይቀመጥበት ቤት ነው፤ ምስጢር የሚወራው እዚያ ነው። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ።

"ሳላቸውን ከሰማን ስንት ቀን ሆነ?" አሉ አቶ ልመንህ።

"ትናንት ስለው ነበር" አለ አንዱ።

"የእንጀራ ፍርፋሪ አንቋቸው ነው" አለ ሌላው። "እኔ ነኝ ጀርባቸውን የመታሁት።"

"ቅቤውን ብንቀንስስ?"

"የማን ቤት ይጀምር?"

 ማንም አልጀመረም።

በማግስቱ ተራው የእትዬ ወርቅያንጥፉ ሆነ። አቶ ደባልቄ ከምድጃው ዳር በእኔ ትይዩ ተቀመጡ፤ ጉንጫቸው ቀልቷል። እትዬ የማር ማሰሮዋን ከፈተች። ጓዳ ድረስ ተከትያት ሄድኩ።

"እትዬ፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል" አልኳት። "ማንጠግቦሽን አስቢ።"

"እያሰብኳት ነው" አለች። ማንኪያዋን ሞልታ ሾርባው ላይ ገለበጠች፣ ደገመች፣ ሠለሰች።  "የእኔ ቤት ማር ጎደለበት ተብሎ ልጄ የምትወልደው ልጅ በምን ስም ይጠራል?"

በዚያች ሌሊት አቶ ደባልቄ ሲያንኮራፉ መስኮቱ ይርገበገብ ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን የእኛ ወገን አልተኛም። ናደውን እንደ በሽተኛ እንዲስል አስተማርኩት። በገበያ መሐል አንድ ጊዜ ሳል አሰማ፤ በሬ መስሏት አንዲት ሴት ዞር አለች። አንዲቱ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችው፤ ጠጥቶ፣ "በጣም ያነቃል" አላት። ተስፋ ቆረጥኩበት።

ከምርጫው በፊት በነበረው የመጨረሻ ስብሰባ ላይ መድረክ ወጥቼ የማይባለውን አልኩ። "ሞት ለምን ትጠብቃላችሁ?" አልኳቸው። "ሰው በሕይወቱ ከወንበሩ መነሳት ይችላል። ሕጉ አይከለክልም። ናደውን ምረጡት፤ ከክረምት በፊት ይነሳላችኋል፤ ሌላ ምርጫ ይሆናል፤ ቅስቱ ይሠራል።"

ለናደው ስለዚህ ነገር አልነገርኩትም ነበር። እንደራሴ የመሆን ምኞቱ ከልጅነቱ ነው። ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ እትዬ ወርቅያንጥፉን አየ። "እሺ" አለ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ልመንህ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"በሕይወት እያለ?"

"በሕይወት እያለ።"

"በራሱ እግር?"

"አዎ።"

"ልጄ" አሉኝ በርኅራኄ፣ "እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ሰው ቃል ገብቷል። ቃሉን የጠበቀልን ሞት ብቻ ነው።"

ሁሉም ሳቀ። ከፊት ወንበር ላይ ጎድን የሚግጡት አቶ ደባልቄም ሳቁ፤ እሳቸው ግን ስቀው ሲጨርሱ ትንሽ ቆይተው አዩኝ።

በምርጫው ቀን አቶ ደባልቄ አሸነፉ። ዕድሜያቸው አሸነፈላቸው እንጂ ጤናቸውስ አሳፋሪ ነበር። እኛ ሽንብራውን ቀቅለን ሕዝቡን ንፍሮ አበላን፤ ናደው ራሱ ከሁሉም በልጦ በላ። በማግስቱ ግንበኞቹ ዕቃቸውን ጫኑ። የማስነጠሱ ቅስት ቆሟል፤ ከእሱ በኋላ ክፍተቱ አለ። አቶ ደባልቄ ማንም ሳይደግፋቸው በቅሎ ላይ ተፈናጠጡ፤ ይህን ሲያይ ሕዝቡ አለቀሰ። እሳቸው ፍቅር መሰላቸው። እትዬ ወርቅያንጥፉ ለመንገድ የሚሆን የማር ማሰሮ አቀበለቻቸው።

"ማሩ ደግሞ ለምን?" አልኳት በጆሮዋ።

"መንገድ ነው እኮ" አለችኝ። ፊቷን ግን ወደ ማዶ አዙራ ነበር።

እኔ ወደ ዋናው ከተማ ተመልሼ ዝቅ ያለ ሥራ ተሰጠኝ፤ ምክር ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀምጬ ከተቃዋሚ እንደራሴዎች እነማን እንደሚተኙ መመልከት። ስለዚህ አቶ ደባልቄን በየቀኑ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ከማሰሮው ማር በጣታቸው እየጠቀሱ ይልሱ ነበር። ከዚያ ማሩ አለቀ። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ምሳ ሻይና ብስኩት ነው። ጉንጫቸው ገረጣ። አንድ ቀን ሳል ያዛቸው። በማግስቱ ረዘም አድርገው ሳሉ። እትዬ ወርቅያንጥፉ ብትሰማ እልል ትል እንደሆነ አሰብኩ፤ የምትል አልመሰለኝም።

የሙቀቱ ወር ሲያልቅ፣ በባርኔጣ ግብር ላይ ክርክር ሲደረግ፣ አቶ ደባልቄ ብድግ አሉ። አፈ ጉባኤው፣ "መናገር ይፈልጋሉ?" ብለው ጠየቁ።

"አይ፣ መሄድ።"

"ወዴት?"

"ቅቤ ወዳለበት።"

"ሲመለሱ ተራዎን እንጠብቅልዎታለን።"

"አልመለስም። አንዲት ልጅ ሰው በሕይወቱ ከወንበር መነሳት ይችላል ስትል ሰምቼ ስቄ ነበር። ሞከርኩት፤ የሚጠይቀው የጉልበት ጥንካሬ ብቻ ነው።"

ወጡ። በአዳራሹ ያሉት እንደራሴዎች ሁሉ የወንበራቸውን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። የሕግ አዋቂዎች ሳምንት ሙሉ መዝገብ አገላበጡ፤ የሚከለክል አላገኙም። ወንበሩ ባዶ ነው ተባለ።

ሸለቆው የሰማው ወንበሩ ባዶ መሆኑን ብቻ ነበር። ማኅበሩ መልሶ የላከን እኔና ናደው ስንደርስ ድንኳን ተተክሎ፣ ሴቶቹ ለአቶ ደባልቄ እያለቀሱ፣ እትዬ ወርቅያንጥፉ ከሁሉ በላይ እያለቀሰች አገኘን። ከልቧ ነበር። ከቀትር በኋላ ሟቹ በበቅሎ መጡ።

"ሞተው አልነበረም?" አሉ አቶ ልመንህ።

"ተነስቼ ነው እንጂ አልሞትኩም። ምሳ አልቋል?"

ለቅሶውን አቋርጠው ምሳ አቀረቡላቸው።

አሁን የቀረው ሰማዩ ነበር። ግንበኞቹ ቢመጡም ይንቀረፈፉ ጀመር፤ ከተራራው ራስ ላይ ደመና ይታያል፤ ምርጫው ሳይጠናቀቅ ቅስቱ ባያልቅ በማግስቱ እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል። ማንጠግቦሽ ማዶ ዳር ድረስ መምጣት አቁማለች፤ ሆዷ ከብዷል። አቶ ልመንህ ምን ይሻላል ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያዞሩ እትዬ ወርቅያንጥፉ ከሰፌዷ ቀና ሳትል ተናገረች።

"እንስራዎቹን ማዶ አስቀምጧቸው።"

"ምን?"

"ድምፅ መስጫውን። ማዶ ይሁን። ቅርጫቱ ደግሞ አርጅቷል፤ መራጭ አይሸከምም። ድምፅ የፈለገ ማኅበር ቅስቱን ይጨርስ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ማኅበራት ድንጋይ አቀባዮች ሆኑ። የእንደምን አመሻችሁ ሰዎች በዚህ ጊዜ ሽማግሌ ዕጩ አላገኙም፤ ሽማግሌዎቻቸውን ሸለቆው አድኖ ከወንበር ያስነሳል ብለው ፈሩ፤ ጥርሱን ብቻ የሚያመው አንድ ጎልማሳ ላኩ። ናደው ንግግር አላደረገም። ሸሚዙን አውልቆ ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ተሸከመ። ሕዝቡ ጡንቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐዘን አየው። አቶ ደባልቄ በየጠዋቱ እስከ ክፍተቱ ጫፍ እየተመላለሱ ግንበኞቹን ይሰድቡ ነበር፤ ለጤናቸው ነው።

የመጨረሻው ድንጋይ የገባው በምርጫው ቀን ጠዋት ነው። ቅስቱን "የተነሳው" ብለው ሰየሙት። አቶ ደባልቄ በሕይወት ባለ ሰው ቅስት አይሰየምም ብለው ተቃወሙ፤ ማንም አልሰማቸውም። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ባርኔጦች ላይ ሲያርፍ መራጩ ሽንብራውን ጨብጦ ተሰለፈ። ከፊት የቆመችው እትዬ ወርቅያንጥፉ ናት፤ በአንድ እጇ ሽንብራ፣ በሌላው የጨርቅ ጥቅልና ማሰሮ ይዛለች።

በመጀመሪያው በጤነኛው፣ ቀጥሎ በአስሙ ላይ አለፈች። በልቡ፣ በኩላሊቱ፣ በማስነጠሱ ላይ አለፈች። ናደው ከአዲሱ ቅስት ጫፍ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ተለቅልቆ፣ ዳር ይዞ አሳለፋት። እሷም እንደሌሎቹ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላው አለፈች። ከዚያ ሁለት እግሯ የማዶውን አፈር ሲረግጥ ቆመች፤ ዞረች።

"አንተ ናደው።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ዕድሜ ይስጥህ።"

ናደው ድልድዩ ላይ ቁጭ አለ። ድንጋይ ተሸክሞ ያልደከመ ሰው ነው።

ከኋላዬ አቶ ልመንህ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን አስግገው ጮኹ።

"ኧረ በምርቃቱ ቀስ በይ፣ ወርቅያንጥፉ። የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ገና ነው።"

እሷ ግን ሽንብራዋን እንስራው ውስጥ ወርውራ፣ ጥቅሏን አቅፋ፣ ወደ ልጇ ቤት የሚወስደውን አቀበት ጀምራው ነበር።